ከሲትና ትሪ የተነሳው ሰው

ዱሬሳ በስልሳ ሁለት ዓመቱ ልጁን ዋሻት። ኢልሊ ከአሶሳ ደውላ፣ ማክሰኞ መናኸሪያ ወጥታ እንድትጠብቀው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ስትጠይቀው፣ ስድስት ሰዓት አላት። ከባምባሲ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚነሳው ሚኒባስ፣ መንገድ ላይ እያወረደና እየጫነ ቢንቀራፈፍ እንኳ ከአራት ሰዓት እንደማያልፍ ያውቃል። በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ሁለቱን ሰዓት ለምን እንደፈለገው ግን ለሚስቱ ለቀነኒ እንኳ አልነገራትም።

የሚሄደው ለሕክምና ነበር። ዓምና መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ቀኝ ጎኑ አብሮት አልተነሳም። እግሩ ከወራት በኋላ እየጎተተም ቢሆን ተመለሰለት፤ ምላሱም መኮላተፉን ተወ። ቀኝ እጁ ግን እንደወጣ ቀረ። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው፣ የያዙትን አንለቅም ያሉ ይመስላሉ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው ብሎታል። ኢልሊ ደግሞ እንዲህ ያለውን እጅ የሚያፍታታ ባለሙያ አሶሳ እንደመጣ ሰምታ ቀጠሮ ያዘችለት።

ዱሬሳን ከሁሉ በላይ የጎዳው እግሩን መጎተቱ አልነበረም፤ ማንኪያው ነው። በታመመ በወሩ ቀነኒ አንድ ማንኪያ ገዝታ በግራ እጁ አስያዘችው። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ማንኪያ የመድኃኒት መስፈሪያ ነው እያለ ሲያሾፍ የኖረ ነው። አሁን እንጀራውን ቆራርሳ፣ ወጡን ለውሳ ትሰጠዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ ሠርግ ሲጠራ ሆዴን አሞኛል ይላል። ሰው ፊት እህል ከቀመሰ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። ቀነኒ ማፈሩን አይታ ታዝናለች፤ ከእፍረቱ ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ ግን አልጠረጠረችም። ይህን ለመረዳት እሱ በልቶ የኖረበትን ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዱሬሳ የተወለደው ወለጋ፣ መንዲ አካባቢ ነው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ሥራ ፍለጋ ባምባሲ ያለ አጎቱ ዘንድ መጣና የወባ መድኃኒት ረጪ ሆኖ ተቀጠረ። የብረት ፓምፕ በጀርባው አዝሎ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ ግድግዳ ይረጫል። ባለቤቶቹ አልጋውንም ድስቱንም ጫጩቱንም አውጥተው ዛፍ ሥር ይከምራሉ፤ እሱ ከቀርከሃው ግድግዳ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሰዉ ስሙን ለመያዝ አልደከመም፤ "ወባ" ብሎ ጠራው። ወባን የሚያጠፋውን ሰው ወባ ብሎ መጥራት ምን ይሉታል? ስሙ ግን ተጣበቀበት። ከርጭቱ በኋላ ትኋኑ ተቀሰቀሰብን የሚሉ ሴቶች መንገድ ላይ ጠብቀው ሲራገሙትም በዚሁ ስም ነበር።

ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ዞረ። ከኩርሙክ እስከ መንጌ፣ አባይን ተሻግሮ ደግሞ እስከ ግልገል በለስ። ባልደረባው ምስጋና የቡለን ሺናሻ ነበርና፣ በቡለን ሲያልፉ የምስጋና ዘመዶች ሳይበሉ አይለቋቸውም። ፓዌ ላይ የወሎዋን ሴትዮ ሽሮ በልተው ሳይጨርሱ፣ የከምባታው ጎረቤቷ ትኩስ ቂጣ ይዞ ከተፍ ይላል። በየመንገዱ የሚገቡበት ምግብ ቤት ሁሉ ርካሽ ነው፤ ወንበሩ ይነቃነቃል፣ ዝንቡ ከደንበኛው ይበልጣል። ግን እጅህን ታጥበህ ከትሪው ዙሪያ አንዲት ክፍተት ካገኘህ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ አገር ሰው ነህ። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። ዱሬሳ ግን ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ላለፈው ክረምት ያልሠራው ቤት የለም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በሐሳቡ አንድ በአንድ ሲበላባቸው ይውላል።

ከሁሉም የሚበልጥበት የሲትና ቤት ነበር። ሲትና የበርታ ሴት ናት። ከአሶሳ እህል ገበያ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ ቀርከሃ ግድግዳና ሣር ክዳን ያላት አንዲት ክፍል ነበረቻት። የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ። ለእንግዳ የብቻ ሳህን የሚባል ነገር የለም። መሀል ላይ ሰፊ ትሪ አለ፤ ከደጅ የመጣ ሁሉ ይታጠብና ቢስሚላህ ብሎ ክፍተት ውስጥ ይገባል። የጠገበ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሲነሳ ሌላው በቦታው ይተካል። ትሪው ሲጎድል ሲትና ትሞላዋለች። ማንም ከማን ጋር እንደሚበላ አይመርጥም፤ ነጋዴው፣ ጫኙ፣ ሾፌሩ፣ ከመስጊድ የወጣው ሽማግሌ፣ ሁሉም ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚበላው።

ዱሬሳና ምስጋና መጀመሪያ የገቡ ቀን ከልብሳቸው የመድኃኒቱ ሽታ ይወጣ ነበር። በትሪው ዙሪያ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ እጁን ሰበሰበ። ሲትና ከደጃፏ ወዳለ ጠፍጣፋ ድንጋይ መለሰቻቸውና በሳሙና ሦስት ጊዜ አስታጠበቻቸው። ተመልሰው ሲገቡ ግን አሁንም ማንም ወደ ጎን አልተጠጋም። ሁለቱ በራፍ ላይ እንደ ባለዕዳ ቆመው ቀሩ። ያኔ ነው ትከሻ ሰፊ የሆነ አንድ የበርታ ወጣት ፈቀቅ ብሎ ቦታ የለቀቀላቸው።

"ታጥቧል፤ በቃ" አለ ወጣቱ። "ቁጭ በል። ብላ።"

ሀይደር ይባላል፤ የእህል መኪና ጫኝና አውራጅ ነበር። ለሁለት ሰው ሲናገር እንደ አንድ ሰው ነው የሚናገረው፤ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ቁጭ አሉ።

ዱሬሳ በእናቱ ቤት የሚያውቀው ገንፎ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የሚሞላበትን ነው። እዚህ ደግሞ ገንፎው መሀል ላይ ጉብ ብሎ፣ ባሚያው ዙሪያውን ፈሷል። ቅቤው ከውስጥ ተቀብሮ መሆን አለበት ብሎ ደመደመና ሁለት ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ መሀሉ ላይ ሰደዳቸው። ቅቤ የለም። ያለው የሚፋጅ ማሽላ ብቻ ነው። እንዳይጮህ ከንፈሩን ነክሶ ጣቶቹን ሲያወጣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ምስጋና ሳይቀር ከዳው። ሀይደር ሳቁ ሲበርድለት፣ የጠፋብህ ዕቃ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ከዚያ ግን አስተማረው። ከፊትህ ካለው ጠርዝ ነው የምትጀምር፣ መሀሉ የበረከት ቦታ ስለሆነ በመጨረሻ ነው የሚደረስበት አለው። ገንፎውን ቆንጥሮ፣ በአውራ ጣቱ ጎድጎድ አድርጎ፣ ባሚያውን በዚያች ጎድጓዳ መጨለፍ አሳየው። ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባሚያ ይሳባል፤ ከትሪው እስከ አፍ ክር ሆኖ ይከተላል። የሚያውቅ ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት አንጓውን ጠምዘዝ አድርጎ ክሩን ትሪው ጠርዝ ላይ ይቆርጠዋል። የማያውቅ ደግሞ ክሩን ደረቱ ላይ ይዞ ይወጣል። በአሶሳ የእንግዳ ሰው ምልክቱ ሸሚዙ ላይ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ዱሬሳ የዚያን ቀን ሦስት ምልክት ይዞ ወጣ፤ ግን ያ እጅ የሚያስቆረጥም ባሚያ ነፍሱ ድረስ ገብቶ ነበር።

በወሩ አንጓው ለመደ። ከዚያ በኋላ የት ወረዳ ቢመደብ በአሶሳ ሲያልፍ ምሳው እዚያ ነው። ሀይደር ከሩቅ ሲያየው ጉልበቱን ሰብስቦ ክፍተት ያበጅለታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው ዋጋ፣ ስለ ሀይደር ትዳር ያወራሉ፤ ሚስት ባገባ ጊዜ ለዱሬሳ ከሠርጉ ሥጋ በቅጠል ጠቅልሎ አቆይቶለታል። ዱሬሳ ከራሳቸው ከበርታዎቹ ይልቅ የትሪው ሕግ ጠባቂ ሆነ። አዲስ ሰው ወደ መሀል እጁን ከላከ ገሣጩ እሱ ነው፤ በደንብ አልታጠብክም ብሎ ወደ ድንጋዩ የሚመልሰውም እሱ ነው። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል የአገራችን ሰው፤ ያኔ ግን ማንም ደፍሮ አልነገረውም።

በ1994 ዓ.ም. ሀይደር አንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲያስገባ የሞተሩ ቀበቶ ቀኝ እጁን ያዘው። እጁ ከአንጓው ተቆረጠ፤ ያ ክር ቆራጭ አንጓ ማለት ነው። ሦስት ወር ጠፍቶ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሲትና በር ገባ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሳመው፤ ዱሬሳም ሳመው። ከዚያ ሀይደር ወደ ደጅ ተመልሶ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሌላ እጅ ስለሌለ ሳሙናውን ድንጋዩ ላይ ቀብቶ፣ ግራ መዳፉን እዚያው ላይ እያሸ ረጅም ጊዜ ታጠበ። ገብቶ ተቀመጠ። ቢስሚላህ አለና ግራ እጁን ከፊቱ ወዳለው ጠርዝ ዘረጋ።

ቤቱ ዝም አለ። ግራ እጅ በዚያ አገር ለሌላ ሥራ የተለየ ነው፤ ትሪ ላይ አይወጣም። ሰዎቹ ግን ዝም ያሉት ከሐዘን እንደነበር ዱሬሳ ቆይቶ ገብቶታል፤ ማንም እጁን አልሰበሰበም ነበርና። የሰበሰበው እሱ ነው። የያዘውን ጉርሻ ጠርዙ ላይ መለሰና፣ "እኔ ጠግቤያለሁ" ብሎ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የጎረሰው። እሱን አይቶ አጠገቡ የነበረው ሾፌር ተነሳ፤ ከዚያ ሌላው። ሀይደር ምንም ሳይቀምስ እጁን ወደ ጭኑ መለሰ።

ዱሬሳ ለራሱ የንጽህና ነገር ነው ብሎ ነገረው። እጅ መርዝ ነው ተብሎ የሠለጠነ ሠራተኛ ነኝ አለ። እውነተኛ መርዝ ይዞ የመጣውን የራሱን እጅ ማን እንዳስገባለት ያስታወሰው፣ መኪና ተሳፍሮ ባምባሲ ሊገባ ሲል ነው። ሆዱ በረሃብ ይጮህ ነበር። በሚቀጥለው ሲመጣ ሀይደር ከበሩ ጥግ፣ ለብቻው፣ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲበላ አገኘው። ዱሬሳ ከትሪው ተቀመጠ፤ ገንፎው አልወርድ አለው። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፤ ከዚያ በኋላ የሲትና ቤት ከመንገድ ይርቃል ብሎ መናኸሪያው በር ላይ መብላት ጀመረ።

አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ መተያየታቸው አልቀረም። ሀይደር ከመንገዱ ማዶ ግራ እጁን ያነሳል፣ ዱሬሳ ቀኙን ያነሳል፣ ደህና ነህ ይባባላሉ፣ ያልፋሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የወጋው ነው መርሳት ያቃተው። ይቅርታ ለማለት መጀመሪያ ያደረገውን መናገር ነበረበት፤ ያን ደግሞ አፉ እምቢ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የራሱ ቀኝ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ማንኪያውን ይዞ ወደ ግድግዳው ሲዞር፣ ግድግዳው ላይ የሚያየው የሀይደርን ጀርባ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አራት ሰዓት ሳይሞላ አሶሳ ወረደ። የየካቲት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። በትሩን በግራው ይዞ፣ ቀኙን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ እህል ገበያው ሄደ። መንገዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈውበታል፤ የሚያውቃቸው ሱቆች ፎቅ ሆነዋል። ከገበያው ጀርባ ሲዞር ማንጎው እንዳለ አለ። ቤቱ ግን ቆርቆሮ ለብሷል፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ በየጠረጴዛው ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ቆሟል። ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ይዞ በየራሱ ይበላል። ማንኪያዎቹን ሲያይ ልቡ ወረደ፤ ለዚህማ ባምባሲ አልነበርኩም ወይ አለ። ሊመለስ እግሩን ሲያዞር የባሚያው ሽታ ከውስጥ መጣበት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሃምሳ ዓመት ከተለየው ልጁ ጋር የተገናኘ ሰው እንኳ እንዲህ አይሆንም።

ሲትና በራፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንቆርቆሪያዋ አጠገቧ ነው። አርጅታለች፤ አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ምግቡን የምትሠራው አሁን ልጇ ናት፤ ማስታጠቡን ግን ለማንም አልለቀቀችም። ዱሬሳ ሰላም ሲላት አንገቷን ቀና አድርጋ ድምፁን አዳመጠች።

"ወባ" አለች። "ሞተ አሉ እኮ።"

ገና ነኝ አላት። ረጅም ጊዜ እጁን ይዛ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ምስጋና ጠየቀችው፤ ምስጋና ቡለን ገብቶ ንብ እንደሚያረባ ነገራት። ከዚያ እንደ ድሮው ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ዱሬሳ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ግራ እጁን ዘረጋ። ሌላውን ጠበቀች። በግራው ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተሸክሞ፣ ከውሃው ሥር አመጣው። ሲትና አየችው። የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ ሳሙና ቀባቻቸው፣ መዳፉን አጠበችው፣ መልሰው ሲታጠፉም ተወቻቸው። እንደማይበላበት እያወቀች አጠበችው።

ዱሬሳ ሀይደር በሕይወት አለ ወይ ብሎ የጠየቃት ያኔ ነው። በአገጯ ወደ ውስጥ አሳየችው። ከበሩ ጥግ፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ፣ ፀጉሩ ነጭ የሆነ ሰው ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ተቆጣሁት አለች ሲትና። ወደ ሰው ተመለስ አልኩት፣ ሼኩ ራሳቸው መጥተው እጁን ላጣ ሰው ግራው አያስወቅሰውም ብለው ነገሩት፣ እሱ ግን የሰው ምሳ አላበላሽም ብሎ ከዚያች ጥግ አልንቀሳቀስ አለ። ትሪውም የሚከበው ጠፍቶ፣ ልጇ ባሚያ ማድረቂያ አድርጋዋለች። ዱሬሳ አንድ ሰው ተነስቶ በወጣ፣ ሌላው ሃያ ሦስት ዓመት ወደ ግድግዳ ዞሮ እንደሚቀመጥ አላወቀም ነበር።

በትሩን ሳይዝ፣ ወንበር እየደገፈ፣ እስከ ጥጉ ሄደ። ሀይደር የሚጎተተውን እግር ሰምቶ ዞረ። መጀመሪያ ፊቱን አየ፤ ከዚያ ውሃው የሚንጠባጠብበትን የታጠፈ እጅ አየ፤ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ ቆየ። ዱሬሳ ከባምባሲ ጀምሮ ያዘጋጀው ብዙ ንግግር ነበረው፤ ሁሉም ጠፋው።

"ሀይደር፣ ያን ቀን ጠግቤ አልነበረም የተነሳሁት" አለ።

"አውቃለሁ" አለ ሀይደር። "ሦስት ጊዜ ነው የጎረስክ። እኔ ቆጠርኩ።" ሳህኑን ከጉልበቱ ላይ አውርዶ መሬት አስቀመጠው። "እስከ ባምባሲ ተርበህ ሄድክ። እኔ ያዘንኩ እሱ ነው።"

ዱሬሳ አለቀሰ። ሰው ፊት ከመብላት ያፈረ ሰው፣ በሚበላ ሕዝብ መሀል ቆሞ አለቀሰ። ተሳድቦ ቢሆን ይቀልለው ነበር። ሲበርድለት ዱሬሳ እንባውን በክርኑ ጠርጎ፣ አሁን እኔም ግራዬን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ታስገባኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሀይደር መልሱን ለእሱ አልሰጠውም። ወደ በሩ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሲትና፣ ይሄ ሰው ታጥቧል?"

"ታጥቧል" አለች ከበራፏ።

"በቃ" አለ ሀይደር፤ በርጩማውን ፈቀቅ አደረገ። "ቁጭ በል። ብላ።"

ያን ትንሽ ሳህን ግን ለሁለት አልበሉበትም። ሀይደር ትሪውን አምጡ አለ። የሲትና ልጅ የተሰጣውን ባሚያ ወደ ጆንያ ገልብጣ፣ አጥባ፣ ገንፎውን መሀሉ ላይ ቆለለችበት። ዱሬሳ ከፊቱ ካለው ጠርዝ ጀመረ። ግራ እጁ ምንም አያውቅም፤ ከማንኪያ በቀር ያስተማረው የለም። የቆነጠረው ገንፎ ተበተነ፣ አውራ ጣቱ ጎድጓዳውን ቀደደው፣ ባሚያው ከትሪው እስከ አገጩ፣ ከአገጩ እስከ ሸሚዙ ክር ሆኖ ተዘረጋ። ኢልሊ ለሐኪም ይሁነው ብላ የላከችለት ነጭ ሸሚዝ ነበር። ሀይደር አይቶ እንደዚያ ጊዜ ሳቀ፤ ጥርሶቹ ጎድለዋል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ዛሬም ቅቤ ጠፍቶብህ ነው ወይ አለው።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ አስተማረው። በግራ ሲሆን አንጓው የሚጠመዘዘው በተቃራኒው ነው፣ ወደ ራስህ ሳይሆን ወደ ውጭ፤ ትከሻህን አታንሳ፣ አትቸኩል። ይህን ብቻውን፣ በዚያች ጥግ፣ ግድግዳ እያየ የተማረው ነው። እኔ ሁለት ረመዳን ፈጅቶብኛል፣ አንተ ሽማግሌ ስለሆንክ ሦስት ይፈጅብሃል አለው። ዱሬሳ በአሥረኛው ይሁን በአሥራ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ክሩን ጠርዙ ላይ ቆረጠው። አንዴ ብቻ ነው የቆረጠው፤ ቀጥሎ ያለው እንደገና ሸሚዙ ላይ አረፈ። እሱ ግን ሙሉ ሰው የሆነ ያህል ተሰማው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። መሀሉ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱም አልተነሱም። ከዚያ ዱሬሳ በዚህ ቤት የመጨረሻ ጊዜ የተናገረውን ቃል ተናገረ፤ ጠግቤያለሁ አለ። አሁን እውነቱን ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ኢልሊ መናኸሪያ ደርሳለች ማለት ነው። እጁ እስከ አንጓው ባሚያ ስለሆነ ሊያነሳው አልቻለም። ሀይደር ክንዱን ይዞ አስነሳውና ወደ ደጅ ወጡ። ሲትና ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ተከተለቻቸው። ዱሬሳ ሀይደር ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መዳፉን ያሸበትን ድንጋይ ያውቀዋልና ወደዚያው ጎንበስ አለ፤ አሁን የእሱም ድንጋይ ነው። መሀሉ ከመታሸት ብዛት ልሟል።

"ድንጋይ ተወው" አለ ሀይደር። "እጅ አለ።"

ግራ እጁን ዘረጋለት። ዱሬሳ ግራውን ሰጠው። ሲትና ሳሙናውን አስያዘቻቸውና ውሃውን ማፍሰስ ጀመረች፤ መዳፍ ለመዳፍ፣ ከዚያ በየጣቱ መሀል፣ እስከ አንጓ ድረስ ተጣጠቡ። ስልኩ እንደገና ጠራ። ልጄ ትንሽ ትጠብቅ አለ ዱሬሳ፤ ሲትናም ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቆየች።